ከቅሬ የወጣው ቤት

ሶሺዮሎጂ የሚባል ትምህርት መኖሩን ያወቅሁት ልማረው ከተመዘገብኩ በኋላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም፤ በዚያ ዓመት ከእኛ ትምህርት ቤት ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነበር። ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥሬ ከወግዲ ወደ መካነ ሰላም ሄድኩ፤ በሁለት ዓመት ያስመርቃል ወደተባለው ኮሌጅ። የፈለግሁት ነርስነት ነበር። ቦታው ሞልቷል ተባለ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣

«ሶሺዮሎጂ ቦታ አለ። ልመዝግብሽ ወይስ ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

እንዲያ ወጥቼ ወደ ቤት ከመመለስ የማላውቀውን መማር ቀለለኝ። «ይመዝግቡኝ» አልኳት።

ለአባቴ በስልክ ስነግረው፣ «ስለ ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ስለ ሰው ነው፤ ሰው አብሮ እንዴት እንደሚኖር።»

«ታዲያ እሱን እዚሁ ቁጭ ብለሽ አታዪውም ነበር?»

አልተቆጣም። የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። ቀጥሎም፣ «ይሁን፤ ከጀመርሽው ጨርሽው» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ከማሻ ከመጣች የክፍሌ ልጅ ጋር አንዲት ጭቃ ቤት ተከራየን። እሷ ሙስሊም ነች፣ እኔ ክርስቲያን። ሽሮውንና ምስሩን በአንድ ድስት እንሠራለን፤ ሥጋ ከየቤታችን ሲላክልን ደግሞ በየድስታችን። በመጀመሪያው ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። እኔ ከቀትር በኋላ መብላት ስችል ብቻዬን መብላት አልሆንልኝ ብሎ መግሪብ፣ የማፍጠሪያዋ ሰዓት፣ እስኪደርስ እጠብቃታለሁ፤ እሷም «አንቺ እኮ አልታዘዝሽም፣ ብይ» እያለች ትስቅብኛለች። የመካነ ሰላም ብርድ አጥንት ይሰብራል። ፍራሾቻችንን አስጠግተን ብርድ ልብሶቻችንን ደራርበን እየተኛን ነው የተላመድነው።

ክፍላችን ቆርቆሮ ጣሪያ ስለነበረው ዝናብ ሲጥል መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይጠብቃል። ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ገብቶ ስሙን እንኳ ሳይነግረን፣ «ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስትመጡ ማን ማንን ሰላም አላችሁ?» አለን። ጎረቤት፣ ባለሱቅ፣ የባጃጅ ሹፌር እያልን ቆጠርን። «ሰላም ሳትሉት ያለፋችሁትስ?» አለ። እርስ በርስ ተያየን። ሁላችንም አንድ አንድ ሰው ትዝ ብሎን ነበር መሰለኝ። «ትምህርታችን እሱ ላይ ነው» አለና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱን ወደድኩት ብል ውሸት ነው። ብዙው ሽምደዳ ነበር። ከተማ ውስጥም «እሱ ደግሞ ምን ያስቀጥራል?» የማይለን አልነበረም። ነርስነት የሚማሩት ነጭ ጋዋን ለብሰው ሲያልፉ እኔ ዓይኔን እሰብር ነበር። ትምህርቱ እውነት የሆነብኝ በሁለተኛው ዓመት፣ ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር ስንወጣ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምንሠራው ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ቀበሌ ተቀምጠን፣ ሕዝቡ ከሚተዳደርባቸው ነገሮች አንዱን አይተን ነበር። እኔና የማሻዋ የቤት ጓደኛዬ ቅሬን መረጥን። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ መኪና በማይገባበት በእኛ ደጋ ደግሞ የታመመውንና ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለው በአንድ ቅሬ ነው። መምህራችን ሲሸኘን፣ «ተመልከቱ፣ ጠይቁ፣ አድምጡ። ሄዳችሁ አትዳኙ፤ ዳኛ አላቸው» አለን።

የሄድንበት ቀበሌ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ በሚወስደው በኩል ነው። ከመኪና ወርደን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ወጣን። ያረፍነው በቅሬው ዳኛ ቤት ነበር። ልጆችን ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ማንበቡን የሚያስተምሩ ሸህ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «ሸህዬ» ይላቸዋል። ሚስታቸው ዱበርቲ ከሚባሉት፣ ለታመመና ለምጥ ዱዓ ከሚያደርጉት ሴቶች አንዷ ነበሩ። አጭር፣ ወገባቸውን ሁልጊዜ በመቀነት ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ ሴት። እንደገባን ጫማችንን አይተው፣ «በዚህ ነው ዳገት የወጣችሁት? አበሽሩ፣ አይዟችሁ ልጆቼ፣ አረፍ በሉ» አሉና እግራችንን ካላጠብኩ ብለው ታገሉን።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጀሪካን ይዤ ምንጭ ወረድኩ። ሴቶቹ ተራ ይዘው ያወራሉ። አንዲት ጠይም፣ ጸጉራቸው ሽበት የጀመረ ሴት እንስራ አዝለው ሲመጡ ወሬው በአንድ ጊዜ ቆመ። ማንም አልሰደባቸውም፤ ማንም ክፉ አላያቸውም። ገለል ገለል ብለው ቦታ ለቀቁላቸው፤ እሳቸው ቀድተው፣ እንስራውን ብቻቸውን ከመሬት አንስተው አዘሉ። የሞላ እንስራ ብቻዋን የምታነሳ ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ የሚያግዝ አይጠፋም። እኔ ሳላስብ ከኋላ ደገፍኩላቸውና፣ «እንደምን አደሩ?» አልኩ።

ዘወር ሳይሉ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ከእኔ ጋር ስታወሪ ካዩሽ ላንቺም መናገሩን ይተዉታል። እግዜር ይስጥሽ፣ ሂጂ» አሉኝ።

ያን ለት ከሰዓት የሸህዬን ሚስት ጠየቅኳቸው። ባቄላ እየፈለፈሉ ነበር።

«ከቅሬ የወጣ ቤት ነው» አሉ። «ባሏ ነው ያስወጣው።»

ነገሩን ቀስ በቀስ ከእሳቸውም ከሸህዬም ሰማሁት። ባለፈው አዝመራ አንድ ሰው በድንገት ታሞ ቅሬው ለቃሬዛ ይጠራል። የዚያች ሴት ባል ገብሱን አጭዶ ሜዳ ላይ ጥሎታል፤ ደመናው ደግሞ ጠቁሯል። «ገብሴን ከምሬ እደርሳለሁ» ብሎ ቀረ። የዚያን ቀን የመጣው ሰው ጥቂት ነበር፤ ትከሻ የሚቀያይር ስላልነበረ ተሸካሚዎቹ እያረፉ ሄዱ፤ በሽተኛው ወንዙን ሳይሻገር ሞተ። የሞተው የሸህዬ ሚስት ወንድም ነበር።

«እሱ ቢመጣ ይተርፍ ነበር አንልም» አሉ ሸህዬ። «ቀኑ ደርሶ ነው፣ አላህ ነው የወሰደው። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ አጠፋሁ በል፣ ይቅር በሉኝ በል፣ ይበቃናል አልነው። እሱ፣ ሰው አልገደልኩም ብሎ ተነስቶ ሄደ። ሰው ገደልክ ያለው የለም እኮ።»

በደንቡ ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም፤ በሬው ገደል ቢገባ የሚያወጣለት የለም፤ ሲሞትም ቀብሩ ላይ የሚቆምለት የለም። ኮሌጅ «ማኅበራዊ ቁጥጥር» ብለን ትርጉሙን በቃላችን ይዘን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ ጥሩ ውጤት ያገኘንበት ነገር ነበር። መልኩ አንዲት ሴት እንስራዋን ብቻዋን ስታነሳ እንደሆነ የነገረን አልነበረም።

ሸህዬን ፈቃድ ጠይቀን ሰውየውን ልናነጋግር ሄድን። «ሂዱ፤ እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ አይያዝባችሁም» አሉን። ቤቱ ከጅረቱ ማዶ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ሰውየው ደጅ ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። ትልቅ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፂማቸውን ያልተላጩ ሰው። ስንገባ ውሻቸው አንገቱን ቀና አድርጎ አየንና መልሶ ተኛ።

«ውሻዎ አይጮህም?» አለች ጓደኛዬ ለጨዋታ።

«መጮህ ትቷል። የሚመጣ የለማ» አሉ።

ለምን እንደመጣን ነገርናቸው። መጥረቢያውን ሳያስቀምጡ አዳመጡና፣ «ጻፊው እንግዲህ» አሉኝ። «ሰው አልገደልኩም ብሏል ብለሽ ጻፊ። ያ ገብስ የዓመት ጉርሴ ነበር። ልጄ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ብቻዬን ነበርኩ። ያ ዝናብ ቢያገኘው ኖሮ ቅሬው ነበር የሚቀልበኝ?»

«ዝናቡስ ዘነበ?» አልኳቸው።

«አልዘነበም» አሉ፤ ዓይናቸውን ከሞፈሩ ላይ ሳያነሱ። «ደመናው እንዲሁ አለፈ።»

ያኔ ሴት ልጃቸው ከቤት ወጣች። እኩያዬ ነች፤ ሆዷ ገፍቷል። እንደ አገሩ ልማድ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ለመውለድ ከባሏ አገር መጥታ ነበር። አባቷ ከቅሬ የወጣው እሷ ካገባች በኋላ ስለሆነ ስትመጣ ይህን አልጠበቀችም። አብረዋት ያደጉ ልጆች በደጇ አልፈው ሳይገቡ ይሄዳሉ። እኛን በማግኘቷ ደስ ብሏት ሳቀች፤ ቆሎ አመጣችልን፤ ስለ ከተማው፣ ስለ ኮሌጁ፣ ጸጉራችንን የት እንደምንሠራ ጠየቀችን። ስንወጣ እስከ አጥሩ ሸኝታን፣ «ደግሞ ኑ እሺ? ወሬ ናፍቆኛል» አለችኝ።

ደግመን ሄድን። አንድ ሁለቴ አይደለም። ለጽሑፉ የሚሆነውን ካገኘን በኋላም ወሬ ልናወራት እንሄድ ነበር።

ክረምቱ በገባ ሰሞን አንድ ማለዳ፣ ሸህዬ ደጁ ላይ ልጆቹን ቁርአን እያስቀሩ እኛም ቁርስ ልንበላ ስንል፣ የልጅቷ እናት በጭቃው ላይ እየሮጡ መጡ። አጥሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አልገቡም። ለመግባት እግራቸውን ማንሳት እንኳ አልሞከሩም። እጃቸውን በአጥሩ እንጨት ላይ አድርገው «ልጄ» አሉ።

የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከኋላቸው ደረሰች። ምጥ ከያዛት ከትናንት ጀምሮ መሆኑን፣ አሁን ደም እየፈሰሳት እንደሆነ፣ ይህ ከእሷ አቅም በላይ ስለሆነ ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳለባት ተናገረች። ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። አምቡላንስ ቢጠራም በዚያ ጭቃ አይገባም። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው።

ቃሬዛው በሸህዬ ቤት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ ሄደ።

ሸህዬ ተነስተው ቆሙ። ፊታቸው ልክ አልነበረም። «ቃሬዛው የቅሬው ነው» አሉ። «ቅሬው ያወጣውን እኔ ብቻዬን መመለስ አልችልም። ሽማግሌዎቹን ልጥራ፤ ባንድ አፍ እንወስን።»

«እስኪሰበሰቡ ትሞታለች ሸህዬ» አለች ጤና ኤክስቴንሽኗ።

ሸህዬ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ዳኛ ናቸው፤ ደንቡን እሳቸው ካፈረሱት ነገ ማን ያከብረዋል? ይህን ሲያስቡ ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ አዘንኩላቸው።

ሚስታቸው ከውስጥ ወጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ማንንም ሳያናግሩ ወደ ግድግዳው ሄደው ቃሬዛውን ማውረድ ጀመሩ።

«ሴትዮ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ሸህዬ።

«ወንድሜ በዚህ ላይ ነው የሞተው» አሉ ሚስትየው። «ሐዘኑ የኔ ነው አይደል? እኔ ይብቃ ብያለሁ። ይቺ ልጅ ምን አጠፋች?» ከዚያ ወደኛ ዘወር ብለው፣ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ በዚያ በኩል ያዙልኝ እንጂ» አሉ።

መምህሬ ያለኝ ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ጓደኛዬ አንዱን ጫፍ፣ እኔ አንዱን ጫፍ ይዘን ሮጥን።

ቤት ስንደርስ ሰውየው በር ላይ ቆመዋል። የሸህዬን ሚስት ሲያዩ ወደ ጎን አሉና ግድግዳውን ተደግፈው መንገድ ለቀቁ። ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሏል። እጄን ይዛ፣ «እህቴ አትልቀቂኝ» አለችኝ። ልለቃት ግድ ሆነ፤ ትከሻዬ ለቃሬዛው ይፈለግ ነበር። ከፊት የሸህዬ ሚስትና የልጅቷ እናት፣ ከኋላ እኔና ጓደኛዬ ሆነን አነሳን። ሁለቱ ሴቶች ያ ሁሉ ጊዜ ሳይነጋገሩ ቆይተው አሁን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይሄዳሉ፤ አንዷ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች፣ አንዷ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች።

ሴት ቃሬዛ ሲሸከም በአገሩ ታይቶ አይታወቅም። በየደጁ ስናልፍ ሰው እየወጣ ያያል። ከምንጩ ዘንድ ስንደርስ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጀሪካናቸውን እዚያው ጥለው መጡ። አንዷ ምንም ሳትል ከእኔ ሥር ገብታ ትከሻዬን አሳረፈችኝ። ዝናቡ ጀምሮ ነበርና ሌላዋ ለልጅቷ ጃንጥላ ዘረጋችላት። ቁልቁለቱ ላይ እያንሸራተተን፣ እየተደጋገፍን፣ አንድ ጊዜ ጓደኛዬ በጉልበቷ ወድቃ ቃሬዛውን ሳትለቅ ተነሳች። እርሻ ላይ የነበሩት ወንዶች ርቀው ቆመው ሲያዩን ቆዩና አንዱ ቀንበሩን ፈቶ መጣ፤ ከዚያ ሌላው።

ሸህዬ ከኋላችን እያለከለኩ ደረሱ። ዱላቸውን ለአንዷ ሴት ሰጥተው የሚስታቸውን መሸከሚያ ያዙ። «ደንቡን ከቤቴ ሰበርሽው፤ እንግዲህ እኔ ብቻዬን ምን እጠብቃለሁ?» አሉ። ሚስታቸው ሳይመልሱ ትከሻቸውን አሻሽተው ልጅቷ ራስ ዘንድ ሄዱና፣ «አበሽሪ ልጄ፣ ደረስን፣ አበሽሪ» እያሉ ግንባሯን ይጠርጉላት ጀመር።

አባትየው ከሁላችን ኋላ፣ ራቅ ብለው ይከተላሉ። ቃሬዛውን መንካት አይፈቀድላቸውም፤ የገዛ ልጃቸው ናት፣ ግን ቃሬዛው የቅሬው ነው፤ ሚስታቸውን በዚያ ጥድፊያ የከለከለ ባይኖርም ቤቱ የወጣው በእሳቸው ጥፋት ነው። ዘወር ባልኩ ቁጥር ያንን ሰፊ ትከሻ ዝናብ እየመታው አየዋለሁ።

ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። ወንዶቹ ቆመው የሚሻገሩበትን መረጡ። እዚያ ጋ ሸህዬ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣

«ትከሻዬ ዝሏል። የሚተካኝ የለም?» አሉ።

በዙሪያቸው ጎልማሶች ሞልተዋል። ግን አንድም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ገብቷቸዋል፤ ሁሉም ወንዙን ያያሉ። አባትየው ቀስ ብለው መጡ። ከሸህዬ አጠገብ ሲደርሱ ትንሽ ቆሙ፤ ሸህዬ መሸከሚያውን ከራሳቸው ትከሻ አንስተው በሰውየው ትከሻ ላይ አደረጉት። ውሃው እስከ ወገባቸው እየደረሰ፣ ቃሬዛውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ። ሰውየው ከዚያ በኋላ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ ለማንም አልለቀቁም። ልቀይርዎት የሚላቸው ቢኖርም ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ።

ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገቧት። እኛ ደጅ ላይ በጭቃ እንደተለወስን ተቀመጥን። ብዙ ቆይቶ የሕፃን ድምፅ ሰማን፤ ግን የልጅቷ ነገር ገና ስለሆነ እልል የሚል አልነበረም። አዋላጇ ወጥታ፣ «ሴት ናት። እናትየውም ደሙ ቆሞላታል፤ ትድናለች» ስትል ነው እልልታው የተነሳው። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ልጅቷ እህቴ ብላኝ እጇን መልቀቄ አልረሳ ብሎኝ ነበር።

ሰውየው በግንቡ ጥግ ተቀምጠዋል። የሸህዬ ሚስት ሲያልፉ ተነስተው ቆሙ።

«ወንድምዎን አልገደልኩም» አሏቸው። «ግን አልመጣሁም። ሲጠሩኝ አልመጣሁም።»

ሴትየዋ ጥቂት አዩዋቸው። «አያ፣ ከመጀመሪያውም የጠየቅንዎት ይቺኑ ነበር» አሉና አጠገባቸው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እሳቸውም ተቀመጡ። እንደዚያ ጎን ለጎን ሆነው ብዙ ቆዩ።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ተቆጥተው ነበር፤ ሴቶች ደንብ ካፈረሱ ቅሬ ምን ሊሆን ነው እስከማለት ደረሱ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ወጥተው ሄደዋል። ሸህዬ ሁሉንም አስጨርሰው ካዳመጡ በኋላ፣ «የተቀየረ ነገር አለ፤ ከእንግዲህ ምጥ የያዛት ሴት የማንም ቤት ብትሆን ቃሬዛ አይከለከልም። በአባት ጥፋት ልጅ አትያዝም» አሉ። ሰውየውም በጉባኤው ፊት አጠፋሁ አሉ። ሽማግሌዎቹ መረቋቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየራሱ አሜን፣ አሚን አለ።

ወደ መካነ ሰላም ተመልሰን የየራሳችንን ጽሑፍ ጻፍን። ስለ ቃሬዛው ስደርስ «ቃሬዛውን ሁለት የአካባቢው ሴቶችና ሌሎች ተሸክመው» ብዬ አለፍኩ። መምህሩ አንብቦ ጠራኝ። ጣቱን እዚያች ቃል ላይ አድርጎ፣

«‹ሌሎች› የሚባል ሰው አላውቅም። እነማን ናቸው?» አለኝ።

«እኔና ጓደኛዬ ነን መምህር። ተመልከቱ ብለውን ነበር፤ እኛ ግን ገባንበት። ያጠፋን መስሎኝ ነው።»

ወረቀቱን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «አትዳኙ አልኩ እንጂ ሰው ሲሞት ቆማችሁ እዩ አላልኩም» አለ። «ስምሽን ባትጽፊም እዚያ እንደነበርሽ ጻፊው። ተሸክመሽ ያየሽውን ቆሞ እንዳየ ሰው ብትጽፊው አንባቢውን ታሳስቺዋለሽ።» ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ፣ «ልጅቷ ደህና ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

ጽሑፉን እንደገና ጻፍኩት። ጥሩ ውጤት አገኘሁበት፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን አልነበረም፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ያገኘው ስለ ገበያ የጻፈ የክፍላችን ልጅ ነው።

የሕፃኗ ክርስትና ሲደርስ ተጠርተን ሄድን። ለሙስሊሞቹ ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቶ ነበር። የሸህዬ ሚስት ሕፃኗን ታቅፈው ለማንም አልሰጥ አሉ። እናትየዋ ቀልታለች፣ ወዟ ተመልሷል። እጄን ይዛ፣ «ያን ለት ለቀቅሽኝ አይደል?» አለችኝ እየሳቀች። «ለቀቅሽኝ፣ ግን ከእግሬ በኩል ትንፋሽሽ ይሰማኝ ነበር።»

ከተመረቅን በኋላ ሥራ ቶሎ አልተገኘም። እኔ ወግዲ ተመልሼ አንድ ዓመት ሙሉ ወላጆቼን እያገዝኩ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ማሻ ትዳር ይዛለች፤ በትርፍ ጊዜዋ ሴቶችን ፊደል ታስቆጥራለች። አንዳንድ ቀን ትደውልልኝና ጀሪካኑን፣ ጭቃውን፣ የሸህዬን ሚስት እያነሳን እንስቃለን።

አሁን በአንድ ወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ነው የምሠራው። ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ ነው። የሚመጡት ባል ጥሏቸው የሄደ፣ ልጅ የሚያሳድጉበት ያጡ፣ ከጎረቤት የተጣሉ ሰዎች ናቸው። ብዙውን ልፈታላቸው አልችልም፤ በጀት የለም ይባላል፣ አለቃው ስብሰባ ነው ይባላል። እነሱም ይህን ያውቃሉ፤ ግን ይመጣሉ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር። አልቸኮልኩባትም። ኋላ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ተጣልታ የሚያናግራት ሰው አጥታ እንደከረመች ነገረችኝ። የቢሮውን በር ቆለፍኩና ወደ ሰፈሯ አብሬያት ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ እያረፍን፣ እያወራን ሄድን።